ጋቢናው ባዶ ነው

የዛሬው መልስ ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለጻፈልኝ የ57 ዓመት መካኒክ ነው። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሙያዬ መካኒክነት ነው። ሱማሌ ተራ አጠገብ በነበረ ጋራዥ በ13 ዓመቴ ረዳት ሆኜ ጀመርኩ። ጋራዡ ጥግ ላይ ሸራ የለበሰ መኪና ነበር፤ ፎርድ ሙስታንግ። ባለቤቱ ከአገር ወጥቶ አልተመለሰም። ምሳ ሰዓት ላይ ሸራውን ገለጥ አድርጌ እገባና መሪውን ይዤ እቀመጥ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ግን ያ መኪና ከልቤ ወጥቶ አያውቅም።

አሜሪካ ከገባሁ 31 ዓመቴ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የሰው መኪና ስጠግን ኖርኩ። የዛሬ 11 ዓመት የ1967 ፖንቲያክ ጂቲኦ ገዛሁ። ሞተሩን አውርጄ እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ካምቢዮውንም ሠራሁ። ሞተሩን ያስነሳሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ስድስት ዓመት አለፈው። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ማታ ከሥራ ስመለስ ትንሽ ገብቼበት እቀመጥና እወጣለሁ።

ደረሰኞቹን ብደምራቸው 38 ሺህ ዶላር አለፈ። ባለቤቴ ይህን አታውቅም። ካርቶኑን እንዳታይ ዕቃውን የማስልከው ወደ ሥራ ቦታዬ ነው። አሁን አንድ ሰው እንዳለ በ15 ሺህ ልውሰደው ብሎኛል። አዲስ አበባ የጀመርነው ቤትም ጣሪያ ሳይወጣለት ቆሟል። ባለቤቴ ሽጠው አላለችኝም። ‹11 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አስቀምጠኸኝ አታውቅም› ነው ያለችኝ።

ቅዳሜ ሲሆን በድስ ክሪክ ወደሚባለው የመኪና ውድድር ሜዳ እሄድና ውድድሩን ከአጥሩ ማዶ ሆኜ አያለሁ። አንድ ቀን እኔም በሮጥኩ እላለሁ፤ ግን ዕድሜዬ አለፈ መሰለኝ። ልሽጠው? ወይስ ይህ ነገር በሽታ ነው?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። የጋቢናው ወንበር የት ነው ያለው?

ሞተሩ ተሠራ ብለሃል። ካምቢዮው ተሠራ ብለሃል። መሪውን ይዘህ እንደምትቀመጥም ነግረኸኛል፤ ስለዚህ የሾፌሩ ወንበር ገብቷል ማለት ነው። ስለ ሌላኛው አንድ ቃል የለም። ልገምት? ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ በላዩም ካርቶን ተደርቦበታል። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ። ግን እኔም እስከ ጡረታ ቁልፍ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። መካኒክ ለራሱ ሲሠራ መጀመሪያ የሚገጥመውን፣ መጨረሻ ላይ የሚያስታውሰውን አውቃለሁ።

ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ በሽታ ነው ወይ ላልከው።

አይደለም። በ13 ዓመት ልብ የገባ ነገር እስከ 57 ከቆየ እሱ አንተው ነህ። ደግሞም ይህን መኪና መውደድህ አይገርመኝም። አንተና እኔ ሙያውን የተማርነው በጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ኮፋኖ እያልን ነው ያደግነው። ዛሬም እጄ ሲቆሽሽ በእንግሊዝኛው አላስብም። ጂቲኦ የሚለው ስምም ጣሊያንኛ ነው፤ «ግራን ቱሪስሞ ኦሞሎጋቶ»። ለውድድር የተፈቀደ እንደማለት ነው። ፖንቲያኮች ስሙን የወሰዱት ከፌራሪ ነው።

አወጣጡንም ሳታውቀው አትቀርም፤ ለሌሎች አንባቢዎች ስል ልንገረው። በ1963 የፖንቲያክ እናት ኩባንያ ጄኔራል ሞተርስ ክፍሎቹን በሙሉ ከመኪና ውድድር አስወጣ። ለመካከለኛ መኪና ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር አይገጠምም የሚል ደንብም ነበረው። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን የትልቁን መኪና ባለ 389 ሞተር አነሳ ባለው ቴምፔስት ውስጥ ከተቱት። እንደ አዲስ ሞዴል ቢያቀርቡት ይከለከላሉ። ስለዚህ ደንበኛው ጨምሮ የሚገዛው ተጨማሪ ዕቃ ነው ብለው አወጡት። 5 ሺህ ያህል ይሸጥ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1964፣ ከ32 ሺህ በላይ ተሸጠ። ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ መስል ካር፣ ማለትም ትልቅ ሞተር የተጫነበት መካከለኛ መኪና፣ የምንለው ዘመን በዚህ መኪና ነው የጀመረው ቢባል ብዙ የሚከራከር የለም።

ያንተ 1967 ደግሞ 400 ኪዩቢክ ኢንች ነው፤ ወደ 6.6 ሊትር። ከፋብሪካ የወጣው መደበኛው ባለ 335 የፈረስ ጉልበት ነው። መብራቱ ሁለት ሁለት ሆኖ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበበት የመጨረሻው ዓመትም ነው። ቆንጆ መኪና ነው የመረጥከው። ይህን ከልቤ ነው የምልህ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አንተ ያኔ ሕፃን ስለነበርክ አታስታውሰውም። በ1973 መጨረሻ የአረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ አሜሪካ ውስጥ ሰው ለቤንዚን ተሰለፈ። ነዳጅ የሚጠጣ መኪና የሚፈልግ ጠፋ። ከዚያ በፊትም የኢንሹራንሱ ዋጋና የጭስ ሕጉ አዳክመውት ነበር። ጂቲኦ በ1974 ሞዴል አበቃ። ያው የነዳጅ ዋጋ ዞሮ አዲስ አበባ ገባ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1966፣ በፈረንጆቹ 1974 መጀመሪያ፣ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። እኔ የ15 ዓመት ረዳት ነበርኩ። ሁልጊዜ ጋራዣችን በር ላይ የሚንጫጩት ትንንሽ ፊያት ታክሲዎች ያን ቀን አልመጡም። ጌታዬ በርሜል ላይ ተቀምጦ መንገዱን ዝም ብሎ ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የንጉሡ መንግሥት የወደቀውም፣ ያንተ ጂቲኦ ያበቃውም በዚያው በፈረንጆቹ 1974 ነው። እነዚያ ሸራ የለበሱ መኪኖች ጋራዥ ጥግ የቀሩትም እንዲህ ባለው ዘመን ነው፤ ባለቤቶቻቸው ሄደው።

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር።

አንተ ጂቲኦ አልሠራህም። ያን ሙስታንግ ነው መልሰህ የሠራኸው። ራስህ የጻፍከውን ተመልከት። ያኔ ምሳ ሰዓት ላይ ገብተህ መሪ ይዘህ ትቀመጥ ነበር፤ ሞተሩ አይነሳም። ዛሬ ማታ ማታ ገብተህ መሪ ይዘህ ትቀመጣለህ፤ ሞተሩ አይነሳም። 38 ሺህ ዶላር አውጥተህ ያንኑ ጥግ፣ ያንኑ ሸራ ነው የገዛኸው። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል ትላለህ። ለደንበኛ ቢሆን እንዲህ ትለው ነበር? የደንበኛ መኪና አርብ ይውጣ ከተባለ አርብ ይወጣል። ያንተ የማይወጣው ችሎታ አንሶህ አይደለም። የወጣ መኪና ይጫራል፣ ይሞቃል፣ መንገድ ላይ ይቆማል። በውድድር ሜዳም ይሸነፋል። ያልወጣ መኪና ግን አይሸነፍም።

ይህን የምልህ ልወቅስህ ፈልጌ አይደለም። እኔም ያለፍኩበት ነው።

ስለዚህ ልሽጠው ወይ ላልከው መልሴ፣ አሁን አትሽጠው ነው። አንደኛ ነገር የገንዘብ ጉዳይ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ማንም ያልሰማው፣ ግማሽ ዕቃው በካርቶን ያለ መኪና ሁልጊዜ በርካሽ ነው የሚሄደው። ገዢው ያላየውን ብልሽት ሁሉ አስቦ ነው ዋጋ የሚሰጠው። ራሱን ችሎ የሚሄድ፣ ደረሰኙ የተሟላ መኪና ግን ሌላ ወሬ ነው። ቢሆንም 38 ሺህህን መልሰህ አታገኘውም። ይህን ዛሬውኑ እወቀው፤ የቤቱን ጣሪያም በዚህ ሒሳብ ላይ አታሳርፍ። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጥብኛል። ሳትነዳው ብትሸጠው እስከ ዕድሜህ ፍጻሜ ማታ ማታ ስትቀመጥበት ትኖራለህ፤ መኪናው በሌለበት።

የዚህ አገር በጋ እስኪያበቃ ጊዜ ስጠው። በዚህ ጊዜ ለፍጥነት የሚሆን ምንም ዕቃ አይገዛም። ቀለምም አይቀባም። ባትላሜራ ዘንድም አይሄድም። በፀረ ዝገት ቀለሙ ይውጣ፤ ማንም አይስቅብህም። የሚሠራው ሰው ተቀምጦበት ሄዶ እንዲመለስ የሚያስፈልገው ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ግን ለደንበኛ የምትለውን ለራስህ ስለማትል ልናገረው።

ጎማህን እየው። መቼም ከ11 ዓመት በፊት ነው ቸርኬውና ጎማው አብሮ የተገዛው። ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብብ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። ጥርሱ እንደ አዲስ ነው፤ ጎማው ግን አርጅቷል። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ አርጅቷል። አውጥተህ ጣለው።

የነዳጅ ቱቦዎቹን ከታንከር እስከ ካርቡሬተር በሙሉ ቀይር። ያሁኑ ቤንዚን እስከ 10 ከመቶ ኢታኖል አለበት፤ የድሮውን ጎማ ይበላዋል። ስድስት ዓመት የቆየውን ነዳጅ ቅዳና አስወግድ። ሞተሩን ዝም ብለህ በሞተሪኖ አታስነሳው። ካንዴላዎቹን ፍታ፣ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጨምር፣ በእጅህ በቁልፍ አዙረው። በነፃነት ሲዞር ብቻ ወደ ማስነሻው ቁልፍ ሂድ።

ፍሬኑን ግን ከሁሉ አስቀድም። የምነግርህ ከራሴ ነው። እዚህ አገር በመጣሁ በጥቂት ዓመቱ የ1966 ሸቬል ገዝቼ ነበር። ሞተሩን ሠራሁት። ድምፁን ስትሰማው ጠጉርህ ይቆማል። ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ አደረግኩትና «ይሠራል» አልኩ። እሁድ ጠዋት የስምንት ዓመት ልጄን ጋቢና አስቀምጬ ወጣሁ። ከሰፈራችን ቁልቁለት መጨረሻ መብራት አለ። ቀይ ሲበራ ረገጥኩ። እግሬ ወለሉን ነካ። ምንም የለም። የዚያ መኪና የፍሬን መስመር አንድ ብቻ ነው፤ በአንዱ ጎማ በኩል ዘይቱ ከፈሰሰ አራቱም ይሄዳሉ። የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ማርሽ ቀንሼ፣ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ወጥቼ አጥር ላይ አቆምኩት። ልጄ አልተጎዳም። አላለቀሰምም። ዝም ብሎ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊት ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል እዚያ መኪና ውስጥ አልገባም። ብለምነውም እንቢ አለ። ሸቬሏን የሸጥኩት በዚህ ነው።

ያንተ የ1967ቱ የፍሬን መስመሩ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በዚህ ትበልጠኛለህ። ግን ቆሞ የኖረ ፍሬን ነው። ዘይቱ ውሃ ጠጥቷል፣ የፍሬኑ የውስጥ ጎማዎች ደርቀዋል። ሙሉ በሙሉ ይፈታ። የፍሬን ሸራውም ይታይ።

ወደ ውድድሩ ልምጣ። ዕድሜዬ አለፈ ትላለህ። ጆን ፎርስ በዚሁ በቀጥታ መንገድ በሚሮጥበት የድራግ ውድድር 16 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። በ2024፣ በ75 ዓመቱ፣ ገና ይወዳደር ነበር። በዚያው ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ ክፉኛ ተጋጭቶ አንጎሉ ላይ ጉዳት ደረሰበት። ሁለቱንም የምነግርህ ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ነው። ዕድሜ አይከለክልም፤ ፍጥነት ግን ዕድሜ አይቶ አይምርም። ግን እሱ የሚነዳው የሌላ ዓለም መኪና ነው። አንተ የምታስበው የራስህን መኪና ይዘህ ሩብ ማይል፣ 402 ሜትር፣ በቀጥታ መሮጥ ነው። ጂቲኦህ እንደ ፋብሪካው ከሆነ 15 ሴኮንድ ቢፈጅበት ነው።

ደግሞም በጉልበት ብቻ የማይሸነፉበት ውድድር አለ። አጥር ማዶ ሆነህ ስታየው ኖረህ ይሆናል። ተወዳዳሪው መኪናው በስንት ሴኮንድ እንደሚጨርስ ገምቶ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ ይጽፋል። አንተ 14.80 ጻፍክ፤ ተጋጣሚህ 12.80 ጻፈ እንበል። አንተ ሁለት ሴኮንድ ቀድመህ ትለቀቃለህ። ከጻፍከው ቁጥር ፈጥነህ ከገባህ ግን ራስህን ጣልክ። ስለዚህ የሚያሸንፈው መኪናውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ነው። ዛሬ ሙቀት ስንት ነው? ዘይቱ ሞቋል? ጎማው ይይዛል? አረንጓዴው ሊበራ ሲል እግሬ መቼ ይነሳ? ይህ የመካኒክ ጨዋታ ነው። 44 ዓመት የሞተር ድምፅ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ እዚያ ሜዳ ላይ ዋጋ አለው።

የበድስ ክሪኩ ሜዳ ያለባት ከተማ ስም ሜካኒክስቪል ነው። የመካኒኮች ከተማ እንደማለት። አጥር ማዶ የሚያስቆምህ ምንም የለም። ማንኛውም ሰው መኪናውን አምጥቶ፣ ተፈትሾ የሚሮጥበት የልምምድ ጊዜ አለ። መንጃ ፈቃድህን፣ ረጅም ሱሪህን፣ የተዘጋ ጫማህን ይዘህ ትሄዳለህ። ከ14 ሴኮንድ በታች የሚገቡ መኪኖች ነጂ የራስ ቁር ማድረግ አለበት፤ አንተ ግን በስንትም ግባ አድርግ። ከዚያ በፊት ሐኪምህ ዘንድ ሄደህ ደም ግፊትህንና ልብህን ተመርመር። ሊሞክሩህ ጓደኞችህ በሌሊት አውራ ጎዳና ላይ እንውጣ ቢሉህ ግን ደብዳቤህን መልሼ እንዳላነብ። እዚያ የሚሞተው ከሥራ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው።

አንድ ዙር ሩጥ። አንድ ብቻ። ቁጥሩ የታተመበትን ወረቀት ይሰጡሃል። እሱን ኪስህ ውስጥ ከከተትክ በኋላ ልሽጠው ብትል እኔ አልከራከርህም። ያኔ የምትሸጠው መኪና ይሆናል።

ስለ ባለቤትህ ደግሞ ያስጨነቀኝ 38 ሺሁ ብቻ አይደለም። ካርቶኑ ነው። አንድ ሰው ለ11 ዓመት የሚወደውን ነገር ከሚስቱ ደብቆ በሥራ ቦታው ሲቀበል ፍቅሩ እንደ ጥፋት ይሆንበታል። በሽታ ነው ወይ ብለህ የጠየቅከኝ ለዚህ ይመስለኛል። በአደባባይ የወደድከው ቢሆን ኖሮ አትጠይቀኝም ነበር። ገንዘቡ ደግሞ የጋራችሁ ነው። ጣሪያ ያጣው ቤት የእሷም ነው። ልትቆጣ ትችላለች፤ መብቷ ነው። ስትቆጣ ስለ ሞተሩ አትንገራት። ስማት። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ዕቃ ወደ ቤት ይምጣ፤ በወር ስንት ለመኪናው፣ ስንት ለጣሪያው እንደሚሄድ አብራችሁ ወስኑ። የእሷ ቁጥር ካንተ ቢያንስ ተቀበል።

ግን ያለችህን ደግመህ አንብበው። ሽጠው አላለችም። አስቀምጠኸኝ አታውቅም ነው ያለችው። ይህች ሴት 11 ዓመት ከጋራዡ በር ወዲህ ሆና ስትጠብቅ ነበር። አንተ በድስ ክሪክ አጥር ማዶ እንደምትቆመው ማለት ነው።

ስለዚህ ይህን ቅዳሜ ወደ ሜዳው አትሂድ። ካርቶኖቹን አንሳና ያን ወንበር አቧራውን ጥረገው። ግጠመው። አራት ቡሎን ነው፤ ላንተ የግማሽ ሰዓት ሥራ አይሆንም። ቀበቶውን እንዳትረሳ። ከዚያ ጥራት። ሞተሩ ባይነሳም ግድ የለም፤ በሩን ክፈትላትና ጋቢና ትቀመጥ። አንተም በወዲያኛው በር ግባ። ደረሰኞቹን እዚያው ስጣት።